ጀልባዋን ውሃ ያጠጣናት ዕለት

ነክታችሁት የማታውቁትን ዕቃ እንድትመርጡለት ሰው ለምኗችሁ ያውቃል? አላውቅም ማለቱ አሳፍሯችሁ «እሺ፣ አብረን እናያለን» ብላችሁስ ታውቃላችሁ? እኔ ብያለሁ። ዕቃው ጀልባ ነበር። ያን ጊዜም እንደ አሁኑ ሰበታ ነበር የምኖረው፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጀልባ ላይ መውጣት ቀርቶ ከጉልበቴ በላይ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆሜ አላውቅም።

የለመኑኝ የቤት አከራዬ ናቸው። በግቢው አምስት ተከራዮች ነበርን፤ ሁላችንም እሳቸውን ኦቦ፣ ባለቤታቸውን አዴ ነበር የምንላቸው፤ በኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ኦቦ ገበሬ ነበሩ። «ነበሩ» የምለው መሬታቸው የፋብሪካ አጥር ውስጥ ስለገባ ነው። በካሳው እኛ የምንከራያቸውን ክፍሎች ሠሩበት፤ የተረፈችውን ለሌላ ሥራ ብለው አስቀመጧት። ያ ሥራ ምን እንደሚሆን ግን ለረጅም ጊዜ አልቆረጡም። እንደ ለመዱት ጎህ ሲቀድ ይነሳሉ፣ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ። ከዚያ የሚሄዱበት ስለሌለ ተመልሰው ይቀመጣሉ።

ነገሩ የተነሳው ከእንቁላል ነው። በዚያ ሳምንት ስለ መንሳፈፍ አስተምሬ ነበር። እንቁላሉን ንጹህ ውሃ ውስጥ ስከተው ሰመጠ፤ ጨው በብዛት በሟሟበት ውሃ ውስጥ ስከተው ተንሳፈፈ። የኦቦ የመጨረሻ ልጅ ተማሪዬ ነበረችና ቤት ሄዳ ይህንኑ ለአባቷ ሠርታ አሳየቻቸው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኦቦ ክፍሌ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ባርሲስቱ» አሉኝ። መምህርት ሲሉ ነው፤ በአማርኛም ሲያወሩኝ ይህችን ቃል አይለውጧትም። «የቆቃ ውሃ ጨው አለው?»

«የለውም ኦቦ።»

«እንግዲያ እሰምጣለሁ ማለት ነው?»

ቀስ እያልኩ ጠየቅኳቸው። ታናሽ ወንድማቸው ቆቃ ሐይቅ ዳር ዓሣ ያጠምዳል። «ዓሣ ማጥመዱን እኔ አስተምርሃለሁ፣ ጀልባ ብቻ ገዝተህ ና» ብሏቸዋል። ኦቦ አስበው አስበው የተቀመጠችው ገንዘብ የምትወጣው ለዚህ ነው ብለዋል። አዲስ ጀልባ አይቀመስም፤ ያገለገለ መፈለግ አለባቸው። አንድ ችግር ግን አለ፤ ኦቦ ዋና አይችሉም።

ማስረዳት እወዳለሁ። ስለዚህ አስረዳሁ። እንቁላልና ጀልባ አንድ እንዳልሆኑ፣ የጀልባ ሆድ ክፍት በመሆኑ ብዙ ውሃ እንደሚገፋ፣ የተገፋው ውሃ ክብደት ጀልባውን ወደ ላይ እንደሚይዘው በደብተሬ ጀርባ እየሣልኩ ነገርኳቸው። ኦቦ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ገባኝ። ጀልባ የምታውቂው አንቺ ነሽ ማለት ነው። ደህና የሆነውን አንቺ ትነግሪኛለሽ።»

ይህን አላልኩም ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ በኋላ እንዴት ብዬ አላልኩም ልበል?

በነጋታው ጠዋት ልብስ ማጠቢያው ጋ አዴ መጡ። ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እሱ አንቺን ያምናል። ሌላ ሰው ቢነግረው አይሰማም። ያየሽውን ጀልባ ሁሉ መጥፎ ነው በይው።»

«ደህና ቢሆንስ አዴ?»

«ደህና የሚባል ጀልባ አለ? ክረምት ሲመጣ የዚህችን ወንዝ ማዶ የሚሻገረው ሰው ይዞት ነው። መሬቱ ሄደ፣ ይሂድ። እሱን ደግሞ ውሃ ይውሰድብኝ?»

የያዝኩትን ሸሚዝ ደግሜ ደጋግሜ አጠብኩት። ባልየው ደህናውን ምረጪልኝ ይላሉ፤ ሚስትየዋ ደህና የለም በይ ይላሉ። ሁለቱም የሚያምኑት እኔን ነው። እኔ ግን ደህናውን ከመጥፎው የምለይበት ምንም ነገር የለኝም።

ጊዜውም ቢሆን ምንም የሚለይበት አልነበረም። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ያያይዛል የተባለው ማስተር ፕላን ያስነሳው ተቃውሞ ሰበታንም ቡራዩንም ሱሉልታንም ይዟቸው ነበር። ትምህርት ቤታችን አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ በፕላኑ እኛ አዲስ አበባ ነን ወይስ ሰበታ?» አለኝ። ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ ክብ ሠራሁ፣ መሃሉ ላይ አዲስ አበባ ብዬ ጻፍኩ፣ ዙሪያውን ከተሞቹን ደረደርኩ። መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን ስለማላውቅ ጠመኔው በእጄ ቆመ። ከኋላ አንዷ «ቲቸር፣ አንቺስ በየትኛው በኩል ነሽ?» አለች። ግማሹ ክፍል ሳቀ፤ ግማሹ መልሴን ጠበቀ። ደወሉ አዳነኝ። ቆይቶ ዕቅዱ ቀርቷል ተባለ። መንገዱ ግን መዘጋቱን አልተወም። ቀርቶ ከሆነ ለምን ይዘጋል፣ ካልቀረስ ለምን ቀረ ተባለ፣ ማንም በቅጡ አላስረዳኝም።

ኢንተርኔት ስለተዘጋ ስለ ጀልባ የማነብበት ቦታ አልነበረም። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍትም በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ይላል። ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ፤ ሠንጠረዥ አወጣሁ። ርዝመት፣ ስፋት፣ ጥልቀት፣ ዕድሜ፣ ስንጥቅ፣ ቀለም፣ መቀመጫ፣ መቅዘፊያ፣ ክብደት፣ አጠቃላይ ሁኔታ። እያንዳንዱ ከአሥር፣ ድምሩ ከመቶ። ከሃምሳ በታች ያመጣ ጀልባ ይወድቃል። ኦቦ ሠንጠረዡን ገልብጠው አዩትና «ቆንጆ ነው» አሉ።

የመጀመሪያዋ ጀልባ የተገኘችው ቡራዩ ነው፤ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ብየዳ ቤት። ተማሪ ባልመጣበት አንድ ቀን ከኦቦ ጋር በአየር ጤናና በአስኮ በኩል ዞረን ሄድን። ከላሜራ የተሠራች ሰማያዊ ጀልባ በሮችና መስኮቶች መሃል ተጋድማለች። በያጁ ከደቡብ የመጣ ወጣት ነው፤ ከስልኩ መዝሙር ይሰማል። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየን።

«ከሰበታ? ጀልባ? ምነው፣ የጥፋት ውሃ ሊመጣ ነው እንዴ?»

«ከመጣ አሳፍርሃለሁ» አሉት ኦቦ።

«ኖኅ ግን በእንጨት ነው የሠራው አባባ። እኔ ጋ ያለው ብረት ነው፣ ኋላ እንዳያስወቅሰኝ።»

እኔ ሜትሬን አውጥቼ መለካት ጀመርኩ። ኦቦ ግን በሬ እንደሚገዛ ሰው ነው ያዩዋት። ከኋላዋ ዞሩ፣ ጎኗን በመዳፋቸው መቱ፣ ጎንበስ ብለው ሆዷን አዩ። ከዚያ ሠንጠረዤ ውስጥ ያልነበረ ጥያቄ ጠየቁ።

«ለምንድነው የምትሸጣት?»

«ያሠራኝ ሰውዬ ጠፋ። ይኸው ቦታዬን ይዛብኛለች።»

ደመርኩ። ሰባ አንድ ከመቶ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሰባ አንድ አምጥታለች፣ አልፋለች» አልኩ። የአዴ ነገር ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

ኦቦ ከጀልባዋ ሥር እጃቸውን ሰድደው ነበር። ሲያወጡት ጣቶቻቸው በዝገት ቀልተዋል።

«ባርሲስቱ፣ ለቀለሟ ስንት ሰጠሻት?»

«ዘጠኝ።»

«በሬም ለገበያ ሲወጣ ይታጠባል።» እጃቸውን በቡትቶ ጠረጉ። «ታልፋለች። ግን አልገዛትም።»

በያጁ ሳቀ፤ አልተቀየመም። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ ሰባ አንዷን ሳሰላስል ነበር። የደመርኩት ትክክል ነው። ታዲያ የት ላይ ነው የተሳሳተው?

ስንመለስ ዓለም ገና ላይ መኪናው ወደፊት አልሄድም አለ፤ ድንጋይ በመንገዱ ላይ ተደርድሯል። ወርደን በእግር ጀመርን። ድንጋዩ ጋ የቆሙት ወጣቶች ኦቦን ሲያዩ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ሰጡና ከየት እንደምንመጣ ጠየቁ።

«ጀልባ አይተን» አሉ ኦቦ።

እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው «አባባ፣ ለእኛም ቦታ አላት? ከዚህ የምታወጣን ከሆነ» አለ።

«እኔ ልበላባት ነው ልጄ፤ ልወጣባት አይደለም።»

ሳቁና አሳለፉን። እኔ የሄድኩት ደብተሬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ነው።

ሁለተኛዋ ጀልባ ሱሉልታ ናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ መንገዱ ሲከፈት በአዲሱ ገበያ በኩል ሽቅብ ወጣን። ባለቤቱ ሐጂ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው ከኦቦ ጋር የሚቀራረብ፣ የግንባታ ዕቃና የፕላስቲክ የውሃ ታንከር የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ጀልባዋ በፋይበር የተሠራች ነጭ ናት፤ በሱቁ ጓሮ፣ ፊቷ በአንድ ብሎኬት፣ ኋላዋ በሌላ ብሎኬት ላይ ተቀምጣለች። ኦቦ ሳይለኩ ጠየቁ።

«ለምንድነው የሚሸጧት ሐጂ?»

«ሱሉልታ ላይ በጀልባ ምን ልሠራ ወንድሜ? እዚህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ያለው መዝናኛ እሠራለሁ ያለ ደንበኛ ነበረኝ። ረብሻው ሲመጣ ተወው። ከእኔ የወሰዳቸውን ታንከሮች መልሼ ስገዛለት እሷንም ጨምሮ ሰጠኝ።»

መልሱ ለኦቦም ለእኔም ጥሩ መሰለን። ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ ደመርኩ፤ ሰማንያ አራት። ግን ከቡራዩ በኋላ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ለመናገር ፈራሁ። «ስንጥቅ አይታየኝም። ታፈስ እንደሆነ ግን በዓይን ብቻ አይታወቅም» አልኩ።

ሐጂ ፈገግ አሉ። «ይህማ ቀላል ነው የኔ ልጅ። እኔ ታንከር ስሸጥ ሳልሞላ አልሸጥም። ቀትር ላይ ዙሁር ሳልሰግድ እሞላዋለሁ፣ ውሃው የደረሰበት ላይ በከሰል አሰምራለሁ። ከሰዓት በኋላ የዐስርን ሶላት ሰግጄ ስመለስ ውሃው ከመስመሩ ካልወረደ፣ ገዢው በሰላም ይሄዳል። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የሸጥኩት፤ ማንም ተመልሶ አልመጣብኝም።»

ኦቦ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አሰብኩ። ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ ካልወጣ፣ ከውጭ ወደ ውስጥም አይገባም። ቀዳዳ ለሁለቱም ወገን ቀዳዳ ነው። እንከን የሌለው አስተሳሰብ መሰለኝ። «በጣም ጥሩ ሙከራ ነው» አልኩ፤ ለምን ጥሩ እንደሆነም አስረዳሁ።

ሐጂ ከትልቁ ታንከር ጎማ አስዘርግተው ውሃውን ለቀቁት። ሁለት ሺህ ሊትር ገባባት። ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሁለት ሺህ ሊትር፣ ማለትም ሃያ ኩንታል። ጽፌ አደነቅኩ፤ እንዲህ ያለች ትንሽ ጀልባ ሃያ ኩንታል ትይዛለች! ከሥሩም በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት።

የዚያን ሰሞን ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በተራ ነበር። ቢጫ ጀሪካን የያዙ ሴቶች በጓሮው በር ሲያልፉ ቆመው አዩን።

«ኧረ ጉድ! እኛ የምንጠጣው አጥተን እነሱ ጀልባ ያጠጣሉ!»

«ተይ እባክሽ፣ እሷም ጠምቷት ይሆናል። ከሐይቅ ስንት ኪሎ ሜትር ርቃ!»

ሐጂ «ፈተናው ሲያልቅ ውሃውን ቅዱት፣ ለእናንተ ነው» ብለው ቃል ገቡና ወደ መስጊድ ሄዱ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ተቀመጡ። ሰው ሲሰበሰብ አይቶ አንድ ፖሊስ ገባ፤ ውሃ የሞላች ጀልባ ሲያይ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ግራ ገባው። «ፈቃድ አላችሁ?» አለ በመጨረሻ። የምኑን ፈቃድ እንደሆነ እሱም አላወቀ፣ እኛም አላወቅን። ኦቦ «ልንገዛት ነው» ሲሉት ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ሐጂ ዙሁር ሰግደው ተመለሱ። ምሳ በላን። ውሃው ከከሰሉ መስመር አልወረደም። ኦቦ በየጥቂት ደቂቃው ተነስተው መስመሩን እያዩ ይቀመጣሉ፤ ፊታቸው ላይ ደስታ ይታየኝ ጀመር። እንዲህ ሲሆኑ በዚያ ግቢ አይቻቸው አላውቅም። የአዴ ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ የሳቸው ፊት ደግሞ ዓይኔ ላይ።

ለዐስር ሶላት ጥቂት ሲቀረው ጓሮው ውስጥ ደረቅ ግንድ እንደተሰበረ ያለ ድምፅ ጮኸ። ቋ! ጀልባዋ ከመሃሏ ሰምጣ ሆዷ መሬት ነካ፤ ውሃው ከሥሯ ፈልቆ ወጣ። ሴቶቹ ጮኸው ጀሪካናቸውን አነሱ፤ ከፊሎቹ ጭቃውን እየረገጡ ወደሚፈሰው ውሃ ሮጡ። ሃያው ኩንታል በሱቁ በር አልፎ ወደ አስፋልቱ ሄደ።

ውሃው ሲያልቅ ጎንበስ ብለን አየን። ሆዷ ላይ ከጎን እስከ ጎን የሚደርስ ስንጥቅ አለ። አንደኛው ጫፉ ነጭና አዲስ ነው። ሌላው ጫፉ ጠቆር ያለ፣ የቆየ ይመስላል፤ ወይም ጭቃ ገብቶበት ይሆናል። በመሐረቤ ጠረግኩት። ጠርጌም አልለየሁትም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ሐጂ። «ሞልቼ ልሽጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ደህናዋን ጀልባ ሰበርኳት።»

«የለም» አሉ ኦቦ። «ለእኔ ብለው ነው የሞሏት። ከተሰበረች ለእኔ ተሰበረች።»

«ወላሂ አይሆንም።»

«ላኪ! አይሆንም ሐጂ!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጥፋቱን ተሻሙበት። ከዚያ ሐጂ ቀና አሉና «መምህሯ ትንገረን» አሉ። «ስንጥቁ ቀድሞ ነበረ ወይስ ውሃው ነው የሰበራት?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ልነግራችሁ ይከብደኛል። ቀድሞ የተሰነጠቀች ናት ብል፣ ኦቦ ከእንግዲህ ጀልባ አያምኑም፤ አዴም የለመኑኝ ይሆናል፤ ሐጂ ግን ከሃያ ዓመት ንግድ በኋላ የተበላሸ ዕቃ ሻጭ ይባላሉ። እኛ ነን የሰበርናት ብል፣ ኦቦ አስጠግነው ይዘዋት ይሄዳሉ፤ ጥቁሩ ጫፍ እውነትም የቆየ ስንጥቅ ከሆነ ደግሞ በሐይቁ መሃል ትከፈትባቸዋለች። አንዲት ቃል ነው የሚጠብቁት። ያችን ቃል ለመናገር የሚያበቃ ነገር ደብተሬ ውስጥ ፈለግኩ፤ ሰማንያ አራት ይላል።

«አላውቅም» አልኩ።

ኦቦ ያልሰሙ መሰሉ። «አታውቂም?»

«አላውቅም ኦቦ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። እኔ ስለ መንሳፈፍ ነው እንጂ ስለ ጀልባ አላውቅም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ምን ትጽፊ ነበር?»

ኦቦ አልተቆጡም፤ ብቻ ጋቢያቸውን ሰብስበው ብሎኬቱ ላይ ተቀመጡ፤ ጀልባዋ ተቀምጣበት የነበረው ላይ።

ሐጂ ወደ ኦቦ ቀረብ አሉ። «የሚያውቅ ሰው የለንም ወይ?» አሉ። ያኔ ነው ኦቦና እኔ ቆቃ ያለውን ወንድማቸውን ያስታወስነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አልጠየቅነውም ነበር። ኦቦ ታናሽ ወንድማቸውን መጠየቅ አልፈለጉም፤ ይዤ ደርሼ አስደንቀዋለሁ ብለው ነበር። እኔ ደግሞ እያወቅኩ መጠየቅ ለምን ያስፈልጋል ብዬ ነበር።

ኦቦ ደወሉና ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ ከፈቱት። የሆነውን ሁሉ በኦሮምኛ ነገሩት። ከወዲያ በኩል ለረጅም ጊዜ ሳቅ ብቻ ተሰማ።

«ውሃ ሞላችኋት? በደረቅ መሬት? በሁለት ድንጋይ ላይ? እናንተ ሰዎች፣ ጀልባ እኮ ገንቦ አይደለችም! ውሃ ከውጭ ሲይዛት ነው የምትጠነክረው። ከውስጥ ሞልታችሁ ከሥር ምን ያዛት?»

ምን ያዛት! ለኦቦ በደብተሬ ጀርባ ላይ የሣልኩት ይህንኑ ነበር። ቀስቶቹን ከሥር ወደ ላይ፣ በጀልባው ሆድ ሁሉ ላይ አድርጌ የሣልኳቸው በገዛ እጄ ነው። ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት ነገር ጓሮው ውስጥ ፊቴ ሲቆም አላወቅኩትም።

ስንጥቁ ቀድሞ ነበረ ወይስ አልነበረም? ወንድምየው እሱንም «ሳላይ አላውቅም» አለ፤ ሳያፍር። «ተዋትና ወደዚህ ና ወንድሜ። ውሃ ላይ ያለውን ውሃ ላይ እያየህ ምረጥ።»

ኦቦ ጉዳቱን ይካፈሉ ዘንድ ሐጂ ፈጽሞ አልፈቀዱም። ጀልባዋን ገልብጠው ሲሚንቶአቸውን ዝናብ እንዳይመታው ጣሪያ እንደሚያደርጓት ነገሩን።

ቤት ስንደርስ አዴ ሰሙ። «መጥፎ ነው በይው አላልኩሽም?» አሉኝ። «ይኸው ተሰብራልሽ፣ ፊትሽ ላይ! አንዲት ቃል ከበደችሽ?» ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም። በሳምንቱ ግን የክፍሌን በር አንኳኩተው «ቆቃ እኔም እሄዳለሁ፤ አንቺም ነይ። ደብተርሽን ግን ተይው» አሉ።

ቆቃ ውሃው ድፍርስ ነው፤ ማዶው በሩቁ ይታያል። ወንድምየው ሦስት የሚሸጡ አሮጌ ጀልባዎች አዘጋጅቶ ጠበቀን። ምንም አላብራራም። የመጀመሪያዋን ጉልበት ድረስ ወደሚደርስ ውሃ ገፋትና ኦቦን «ጫማህን አውልቅ፣ ሱሪህን ሰብስብ፣ ግባ። እግርህን ጠርገህ አድርቅና መሃሏ ላይ ቁም» አላቸው። ኦቦ ገቡ። ወንድምየው ጎኗን ይዞ ግራ ቀኝ አናወጣት።

«ያ ረቢ!» ኦቦ የሚይዙት ፍለጋ እጃቸውን ዘረጉ።

«ውረድ!» አዴ ከዳር ጮኹ።

«አትውረድ» አለ ወንድምየው። «እግርህ የሚነግርህን ስማ።»

ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ኦቦ አንድ እግራቸውን አነሱ፤ ውስጥ እግራቸው ርሷል። ወንድምየው ያለ ምንም ቃል ጀልባዋን ወደ ዳር ጎተተ። ሁለተኛዋ ገና ስትናወጥ ኦቦን በቂጣቸው አስቀመጠቻቸው፤ አዴ ሳይፈልጉ ሳቁ። ሦስተኛዋ የእንጨት ናት፤ ቀለም የላትም፣ ሦስት ቦታ ላይ በቆርቆሮና በሬንጅ ተለጥፋለች። በእኔ ሠንጠረዥ ሠላሳ አታመጣም ነበር። ኦቦ መሃሏ ላይ ቆሙ። ወንድምየው እስኪደክመው አናወጣት። ኦቦ እግራቸውን አንስተው አዩ፤ ሌላኛውንም አዩ። ደረቅ ነው።

ባለቤቷን፣ ጥላ ሥር መረብ የሚጠግኑትን ሽማግሌ፣ «ለምንድነው የሚሸጧት?» ብለው ጠየቋቸው።

«ዓይኔ ደከመ። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ዳሩ አይታየኝም።»

ኦቦ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ አዴ «ቆይ» አሉ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ፣ ጀልባዋ ላይ ወጥተው እግራቸውን አደረቁ። ማንም ይህን አልጠበቀም። «አናውጣት» አሉት ለወንድምየው። አናወጣት። አዴ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ሊወርዱ ሲሉ በነጠላቸው ጫፍ ውስጥ እግራቸውን ጠረጉ፣ ነጠላውን አዩት፣ ደግመው ጠረጉ።

«ነፋስ ሳይነሳ ትመለሳለህ» አሉ፤ ባላቸውን ሳያዩ።

«ኤ» አሉ ኦቦ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

ፈቀዱ ወይስ ተሸነፉ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ልጠይቃቸውም አልደፈርኩም። ኦቦ ወንድማቸው ጋ እያደሩ ሐይቁ ላይ ዓመታት ሠርተዋል፤ ዋና ግን አሁንም አይችሉም። ሰበታ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ አዴ በሩ ላይ ቆመው ስልክ ይደውላሉ። እኔም ሥራዬን ትቼ ከኋላቸው እቆማለሁ፤ ኦቦ እስኪያነሱ።

አንድ ነገር እንድትሠሩ ልለምናችሁ። ቀጭን የፕላስቲክ ሳፋ ውሰዱ፤ ጫፍና ጫፉን ሁለት ጡብ ላይ አስቀምጡት። ውሃ እየጨመራችሁ ጎንበስ ብላችሁ ሆዱን እዩ፤ እንዴት እንደሚረግብ ታያላችሁ። ከዚያ ድፉትና ያንኑ ሳፋ ባዶውን በሰፊ ገንዳ ውሃ ላይ አስቀምጡት፤ ውስጡ ድንጋይ እየጨመራችሁ እጃችሁን ከሥር ሰድዳችሁ ሆዱን ዳስሱት። ልዩነቱን ከእኔ አትስሙ፤ በእጃችሁ ሞክሩት።